ሐኪማችሁ ፊታችሁ ስልኩን ከፍቶ ቢያነብ ምን ማለት ነው?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ሐኪሙ እየመረመረኝ መሃል ላይ ስልኩን አውጥቶ ካነበበ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው ወይ? ሌላ ቦታ ልሂድ?

አጭሩ መልስ፦ አይደለም። ቲክቶክ እያየ ከሆነ መናደድ መብታችሁ ነው። የመድኃኒት መጠን እያመሳከረ፣ የሕክምና መመሪያ እያየ ወይም ሁለት መድኃኒቶች አብረው መወሰድ ይችሉ እንደሆነ እያጣራ ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ላስረዳችሁ። በዚያውም እኛ ጠቅላላ ሐኪሞች ከተመረቅን በኋላ ስለምንማረው፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትምህርት እናወራለን።

📌 እውቀትም ኤክስፓየር ያደርጋል

ዲግሪያችን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይኖራል። የተማርነው ነገር ግን በየጊዜው ይቀየራል። ሁላችሁም የምታውቋቸውን በሽታዎችና መድኃኒቶች ምሳሌ ላድርግ።

1. ጨጓራ፦ ለረጅም ጊዜ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው በጭንቀት፣ በአሲድና በሚያቃጥል ምግብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሐኪሞችም እንደዚያው ተምረው እንደዚያው ያክሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ። መጀመሪያ ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበር። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እስኪቆጣ ድረስ ሄደ! በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቀድሞ ለ7 ወይም ለ10 ቀን ይታዘዝ የነበረው ሕክምና ዛሬ በአብዛኛው ለ14 ቀን ነው የሚመከረው። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን እየተላመደ ስለመጣም የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2024 ባወጣው መመሪያ ቢስመዝ ያለበትን የአራት መድኃኒቶች ሕክምና አስቀድሟል። ሌላም አለ። የደም ምርመራው (አንቲቦዲ) ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ታክሜ አሁንም ፖዘቲቭ ነኝ» ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት በየትኛው ምርመራ እንደታየ ጠይቁ። መዳናችሁን ለማረጋገጥ የሚሻለው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩን ከጨረሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልን ካቆማችሁ ደግሞ 2 ሳምንት ቆይቶ።

2. ወባ፦ ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት እኛ አገር በክሎሮኪን ይታከም ነበር። ተላመደው። ወደ ፋንሲዳር ተቀየረ። እሱንም ተላመደው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ተተካ። ይሄ ሁሉ የሆነው በአንድ ሐኪም የሥራ ዘመን ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ የቀረ ሐኪም ቢኖር ኖሮ፣ ያዘዘው መድኃኒት ወባውን ላይገድለው ይችል ነበር።

3. ራኒቲዲን፦ ለቃር ስንትና ስንት ሰው የዋጠው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። ምክንያቱም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ኤንዲኤምኤ የተባለ ንጥረ ነገር ስለተገኘበት፣ መጠኑም መድኃኒቱ ሲቆይና ሙቀት ሲነካው ስለሚጨምር ነው።

4. አስፒሪን፦ «ደም ያቀጥናል» ተብሎ ምንም የልብ በሽታ የሌለባቸው አባቶችና እናቶች በየቀኑ ይወስዱታል። በ2018 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ለእነዚህ ሰዎች ጥቅሙ ትንሽ፣ የመድማት አደጋው ግን ቀላል እንዳልሆነ አሳዩ። በ2022 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል የልብ በሽታ የሌለበት ሰው ከ60 ዓመት በኋላ አስፒሪንን ለመከላከያ ብሎ እንዳይጀምር መክሯል። ⚠️ ልብ በሉ! የልብ ድካም ያጋጠመው፣ ስትሮክ የመታው ወይም ስቴንት የገባለት ሰው ይሄን አንብቦ አስፒሪኑን በራሱ እንዳያቆም። ለእሱ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በሌላ ምክንያት ነው።

5. ታይፎይድ፦ ይሄኛው የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ» የምትባሉበት የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በሽታውን በእርግጠኝነት እንደማይለይ ከታወቀ ቆይቷል፤ ድሮ የያዛችሁ ኢንፌክሽን፣ ክትባት ወይም ጭራሽ ሌላ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የተሻለው የደም ካልቸር ነው። ታዲያ ካልቸር በየቦታው ስለማይገኝና ስለለመድነው ዊዳሉ ዛሬም በየክሊኒኩ አለ። ለሐኪም አዲስ ነገር መማር አይከብደውም፤ የሚከብደው የለመደውን መተው ነው።

📌 ልምድስ?

«እኔ የምታከመው 30 ዓመት የሠራ ሐኪም ጋ ነው» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ነው። ልምድ ያላቸው አስተማሪዎቻችን ሆድ ነክተው ብቻ ብዙ ነገር ያውቃሉ፤ እኔም ዛሬ የምሠራው ከእነሱ በተማርኩት ነው። ግን ልምድ ብቻውን አይበቃም። በ2005 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን ላይ የወጣ ጽሑፍ 62 ግምገማዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ሐኪሞች በሥራ ላይ በቆዩ ቁጥር የሚሰጡት ሕክምና ከወቅቱ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር እየቀነሰ ሄዷል። ልዩነት የሚፈጥረው ሐኪሙ መማር መቀጠሉ ነው። ይሄ ለአንጋፋውም ለእኔ ቢጤ ወጣትም እኩል ይሠራል።

📌 ሲፒዲ ምንድነው?

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ማለት ነው፤ እኛ በአጭሩ ሲፒዲ እንለዋለን። በአገራችን የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ይሄን ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። ኮርስ፣ ዎርክሾፕ፣ የኦንላይን ትምህርት፣ የሙያ ማኅበራት ጉባኤ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለጠቅላላ ሐኪም ለየት ይላል። የልብ ስፔሻሊስት በአብዛኛው የልብን ጉዳይ ይከታተላል። እኔ ግን በአንድ ጠዋት የሚያስለው ሕፃን፣ ግፊት የጨመረባት ነፍሰ ጡር፣ ስኳሩ አልወርድ ያለ ሹፌርና ከሞተር የወደቀ ልጅ በተራ ይገቡልኛል። የአራቱም መመሪያ በየጊዜው ይለወጣል። ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዣለሁ የሚል ሰው ካለ እኔ አላምነውም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሥልጠና ሁሉ እኩል አይደለም። አዳራሽ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰርተፍኬት ይዞ መውጣትም አለ። ጥናቶቹም ይሄንኑ ይናገራሉ፦ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻውን የሐኪምን አሠራር ብዙም አይቀይርም፤ በእውነተኛ ኬዝ ላይ መወያየትና በእጅ መለማመድ ይሻላል። በ2021 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ስብሰባና ወርክሾፕ የሐኪሞችን ትክክለኛ አሠራር በ7 በመቶ ነጥብ ገደማ እንደሚያሻሽል አግኝቷል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ከ100 ታካሚ 7ቱ የተሻለ ሕክምና አገኙ ማለት ነው። ከሰባቱ አንዷ እናታችሁ ልትሆን ትችላለች።

ችግሩ ጊዜና ገንዘብ ነው። ብዙ ጠቅላላ ሐኪም ዲውቲ አድሮ ከሰዓት ሌላ ክሊኒክ ይሠራል። የኮርስ ክፍያውም ኢንተርኔቱም ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ትምህርቱን ከሥራው ጋር የምናስኬደው፦ ጠዋት ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ስለከበደ ኬዝ መከራከር፣ አገራዊውን የሕክምና መመሪያ ስልክ ላይ ጭኖ መያዝ፣ ማታ ቀን ስላየነው አንድ ታካሚ በሽታ ማንበብ። ፊታችሁ የተከፈተው ስልክ እንግዲህ ብዙ ጊዜ የዚህ አካል ነው።

📌 ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

👉 ሲያነብ ሁለት ደቂቃ ታገሡት። ምን እያየህ ነው ብላችሁ ብትጠይቁትም ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ይነግራችኋል።

👉 የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። የባህል መድኃኒትና ቫይታሚንም ይጨመር። ይሄን ካላወቀ ማመሳከሩ ትርጉም የለውም።

👉 ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትውጡ፦ ይሄ መድኃኒት ለምንድነው? ለስንት ቀን ነው? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?

👉 የአምና ማዘዣ ይዛችሁ ፋርማሲ አትሂዱ፤ ለጎረቤትም አታውሱ። ሕክምናው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ በሽታችሁም የአምናው ላይሆን ይችላል።

👉 «እርግጠኛ አይደለሁም፣ አጣርቼ ልንገርሽ» ወይም «ስፔሻሊስት ይይሽ» የሚል ሐኪም ካገኛችሁ ያዙት። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ጥያቄ ስትጠይቁት የሚቆጣው፣ ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ የሚጽፈውና ምንም የማያስረዳው ነው።

👉 ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትን፣ ይሄን ጽሑፍ ጨምሮ፣ ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱና ተወያዩበት። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አትጀምሩ፣ አታቁሙም።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የማላውቀው ከሆነ አንብቤ እመለስበታለሁ። በየቀኑ አስፒሪን የሚወስዱ አባት ወይም እናት ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

መልካም ጤና! 🙏