ማስታወቂያው ስንት ሰዓት ላይ ይውጣ?

በክሊክ የሚከፈልበት የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ካልነካው አይከፈልበትም፣ ከነካው ግን ገዛም አልገዛም ይቆጠራል። ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ተቀምጦ ማንጎና ብርቱካን ለአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች የሚልክ ነጋዴ ማስታወቂያ አወጣ እንበል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነክቶ የደወለለት ሰው ስልክ የሚያነሳለት አያገኝም፤ ሲነጋ ከሌላ አቅራቢ ጋር ተስማምቶ ይሆናል። የክሊኩ ዋጋ ግን ወጥቷል። ማስታወቂያን በቀንና በሰዓት መመደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለሀብሩና ለወልዲያ ነጋዴ ከማስታወቂያው ማማር ይልቅ የሚወጣበት ሰዓት ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን የመጣ ነው፤ እነሱ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት በውድ መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። በኢንተርኔት በክሊክ መሸጥን ቀድመው ከያዙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ጎቱ ዶት ኮም የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ጎግል አድወርድስ የተባለ የማስታወቂያ አገልግሎቱን በ2000 ከፈተ፣ በ2002 ክሊክን በጨረታ ወደ መሸጥ ገባ፣ የሰዓት ምደባውን ደግሞ በ2006 ጨመረ። ዛሬ ጎግል አድስ በሚባለው በዚሁ አገልግሎት አንድን ቀን እስከ 6 ክፍል ከፍሎ፣ በፈለጉት ክፍል የጨረታውን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዋጋ መተመኑን ለጎግል አውቶማቲክ ስሌት የሰጠ ሰው ግን የሚቀረው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ነጋዴው “ማታ ከ2 እስከ 5 ይውጣልኝ” ይላል። ጎግል የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን የሚያስገባለት ሠራተኛ 2 እና 5 ብሎ ከሞላው የሚወጣው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ነው፤ መሞላት የነበረበት ከ20 እስከ 23 ነበር። ሁለተኛው ችግር የአካውንቱ ሰዓት ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አካውንቱን ውጭ ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ይከፍተዋል፤ ጎግል ደግሞ የሚከተለው የአካውንቱን የሰዓት ክልል እንጂ የተመልካቹን አይደለም። ዋሽንግተን ላይ በተከፈተ አካውንት ማታ 2 ሰዓት ተብሎ የተሞላው መርሳ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰዓቱ ስለሚቀየር ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። ፌስቡክ በተመልካቹ ሰዓት የመመደብ ምርጫ ስላለው እዚህ ላይ ይሻላል።

በአዲስ አበባ ሰዓት በተከፈተ አካውንት ሳውዲ ላለ የወሎ ሰው ማስታወቂያ የሚያወጣ ይህ የሰዓት ክልል ጣጣ የለበትም፤ የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ማወቅ ያለበት የሳምንቱ እረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ መሆኑን ነው።

ምደባው የሚሠራው በሳምንት ዑደት ነው፤ ከገበያና ከጾም ቀን ጋር የሚስማማውም ለዚህ ነው። የወልዲያ ምግብ ቤት የክትፎ ማስታወቂያውን ረቡዕና ዓርብ ዘግቶ የጾም በያይነቱን ሊከፍት ይችላል። ፋሲካ ሲደርስ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ምደባውን በእጅ መቀየር ግድ ነው። ረመዳን ሲገባም እንዲሁ፤ የምግብ ፈላጊው ሰዓት ወደ አፍጥርና ሱሁር ይዞራል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዘውን ምዕመን የሚጠብቅ የወልዲያ ሆቴል ደግሞ የሳምንት ምደባ አይበቃውም። በዓሉ የሚውለው በሳምንቱ ቀን ሳይሆን በወሩ ቀን ስለሆነ፣ መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው የተለየ ዘመቻ መክፈት አለበት።

የትኛው ሰዓት እንደሚሻል ከሪፖርቱ ማየት ይቻላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በሳምንት 50 ክሊክ የሚያገኝ ሰው ሰዓት በሰዓት ቢያነጻጽር አብዛኛው ሰዓት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታና ሌሊት ብሎ በአራት ከፍሎ ለጥቂት ሳምንታት ማየት ይበቃዋል፤ መቁጠር ያለበትም ክሊክ ሳይሆን ስልክ የደወለውንና የገዛውን ነው። ባዶውን ሰዓት ከመዝጋቱ በፊት ኔትወርክ መኖሩንም ያጣራ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሪፖርት ይዞ “የአካባቢዬ ሰው ማስታወቂያ አያይም” ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው።