የመቀመጫ ማሞቂያ ጕድለትና የመርማሪው ግዴታ

በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ቍጥሩ ቀላል ያልሆነው ሰው እንጀራውን የሚያገኘው መሪ ጨብጦ ስለ ሆነ፣ የተራራው ብርድ በሚጠነክርበት ወራት ወደ ጋራዣችን ከሚገቡት መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት የሚመጡት የመቀመጫቸው ማሞቂያ ሥራውን ስላቆመ ነው። ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው የቅንጦት ጥያቄ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ፣ ወገቡንም ብርድ የያዘው ሹፌር፣ ያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለመዋል የሚያስችለው መሆኑን በሚገባ ያውቃል። እኔም በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ በኖርሁበት ዘመን፣ ስለ ምርመራ ሥርዓት ከዚህ ትንሽ ዕቃ የተማርሁትን ያህል ከትልልቆቹ አልተማርሁም፤ ትምህርቱም በአጭሩ ይህ ነው፦ ያረፈ ሽቦ ስለ ራሱ እውነቱን አይናገርም፤ እውነቱ የሚገለጠው ሸክም ተጭኖበት ሲሠራ ብቻ ነው።

ማሞቂያው በጠባይዑ እጅግ ቀላል ነው። የካዲላክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 በካርቦን ጨርቅ የሚሞቅ መቀመጫ ለደንበኞቹ በምርጫ አቀረበ፤ የስዊድኑም ሳአብ በ1972 የሹፌሩን መቀመጫ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አድርጎ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ መቆጣጠሪያው ቢራቀቅም መሠረተ ነገሩ አልተለወጠም። ከቆዳው ሥር፣ ከስፖንጁ በላይ፣ እየተጠማዘዘ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርቦን ክር አለ፤ አንዱ ለመቀመጫው፣ ሁለተኛው ለመደገፊያው። ኤሌክትሪኩ በዚያ ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይቋቋመዋል፤ ከዚያም መቋቋም ሙቀት ይወለዳል። በመካከሉ ያለው ሴንሰር ሙቀቱን ለመቆጣጠሪያው ያስታውቃል፤ እርሱም በልኩ ያበራል፣ በልኩ ያጠፋል። ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ መቆጣጠሪያ፣ ማሞቂያ፣ በመጨረሻም ወደ መኪናው አካል የሚመለሰው ማሳ፣ እነዚህ ሁሉ ተያይዘው የቆሙ ናቸውና የአንዱ ድካም የሁሉ ድካም ይሆናል።

ጕዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስት በኩል ነው። የመጀመሪያው ጕልበት ነው፤ ሰው ከኋላ ያለ ዕቃ ለማንሣት መቀመጫው ላይ ሲንበረከክ፣ ሲቀመጥ በሰፊው ያርፍ የነበረው ክብደት በአንዲት ጠባብ ቦታ ይወርድና ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ሹፌሩ ሲገባና ሲወጣ የሚታሸው በበሩ በኩል ያለው ጠርዝም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ከመቀመጫው ሥር ያለው ገመድ ነው፤ መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተንቀሳቀሰ ቍጥር አብሮ ይታጠፋል፣ በወደቀ ሳንቲምና እስክሪብቶም ይላጣል። ሦስተኛው ጨው ነው፤ በክረምት በረዶው በመንገድ ላይ እንዳይጋግር የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ከጫማ ጋር ገብቶ በምንጣፉ ላይ ይቀልጥና፣ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ማያያዣዎች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል።

ስለዚህ መኪናው ሲመጣ፣ ከመሣሪያው አስቀድሞ ባለቤቱን በትዕግሥት መጠየቅ ይገባል። ማብሪያው ሲነካ መብራቱ በርቶ ጥቂት ሳይቆይ የሚጠፋ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው በማሞቂያው ወይም በሴንሰሩ መስመር ላይ መቋረጥ አይቶ ራሱ ዘግቶት ይሆናል። መብራቱ ከቶ የማይበራ ከሆነ ፊውዙና ወደ ማብሪያው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ይታያል። መቀመጫው ወደ ፊት ሲገፋ የሚሞቅ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ታችኛው ገመድ ይሄዳል። ነገር ግን ማሞቂያው ሳይሞት ደክሞ፣ ለብ ከማለት ካላለፈ፣ ለብዙ መርማሪ መሰናክል የሚሆነው ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ሹፌር መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ድሮ እሳት ነበር፤ አሁን ለብ ይልና ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ባሳየው ማሞቂያው ሞቷል፣ ቆዳው ተገፎ ሙሉው ይለወጥ አሉኝ» አለኝ። መኪናው በሪሌ፣ ማለት በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ዓይነት ነበር። ሞተሩ ሳይነሣ ማያያዣውን ነቅለን ብንለካ 12 ቮልት ሙሉውን አሳየ፤ የማሞቂያውም መቋቋም (ሬዚስታንስ) 2.8 ኦም ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ጤነኛ ነው። በዚህ የሚቆም መርማሪ ሁሉን ደኅና ሆኖ ያገኘዋልና፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው በግምት መለወጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዲጂታል መለኪያ ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል በመሆኑ፣ በአንዲት ጭረት የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ሙሉ ቮልት ሊያሳየው ይችላል። ዳኛ እማኙን በጠላትና በወዳጅ ፊት አቁሞ ሳይመረምር እንደማይፈርድ፣ ባለሙያም መስመሩን በሸክም ሳይፈትን ሊፈርድ አይገባውም።

ስለዚህ ማያያዣውን መልሰን፣ ሞተሩን አስነሥተን፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በማሞቂያው የማሳ ሽቦ ላይ አሳረፍነው። በደኅና መስመር ከ0.2 ቮልት የማያልፈው ቍጥር 3.7 ቮልት ሆኖ ታየ። ሞተሩ ሲነሣ ከሚገኘው 14 ቮልት ለማሞቂያው የደረሰው 10.3 ብቻ ነበር ማለት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ ብንቀምረው፣ በመመለሻው መንገድ ላይ አንድ ኦም ያህል እንቅፋት ተቀምጧል፤ 70 ዋት ይሰጥ የነበረው ማሞቂያ ወደ 38 ዋት ወርዷል፤ 13 ዋት ተኩል ያህል ደግሞ ሰውየውን በማሞቅ ፈንታ ማያያዣውን ሲጠብስ ኖሯል። ማያያዣውን ፈትተን ስናየው በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ጠቍሮ፣ ፒኑም አረንጓዴ ዝገት ለብሶ አገኘነው። የተጐዳውን ቈርጠን አዲስ ፒን አሰርንለት፤ ማሳው ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትንም ቦታ ብረቱ እስኪገለጥ ድረስ ፋቅነው። ከዚያ በኋላ ያው ልኬት 0.05 ቮልት ሆነ፤ ቆዳውም ሳይነካ መቀመጫው የቀድሞ ሙቀቱን አገኘ።

ይህን ሁሉ በዝግታ መሥራት የሚያስፈልገው የደንበኛን ገንዘብ ለማዳን ብቻ አይደለም። ከመቀመጫው ሥር ያለው ቢጫ ማያያዣ የኤርባግ በመሆኑ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ በፋብሪካው መመሪያ የታዘዘው ደቂቃ ሳያልፍ አይነካም፤ በኦም መለኪያም ከቶ አይፈተሽም። ከዚህ ይልቅ ግን ሕሊናን የሚያስጨንቀው የተቀማጩ ሥጋ ነው። የስኳር ሕመም ስሜቱን ያደነዘዘበት ወይም ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው፣ መቀመጫው ከልክ በላይ ሲግል ሳያውቀው ይቃጠላል፤ ሐኪሞችም እንዲህ ያለ ቃጠሎ አክመው ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የደኅንነት ተሟጋቾች የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጕዳዩን እንዲመለከተው ጠይቀዋል። ስለዚህ የተቃጠለ ፊውዝን በሚበልጥ ፊውዝ መተካት፣ ወይም የታመመውን ሴንሰር ዘሎ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ማገናኘት፣ ለጊዜው ሙቀት ቢሰጥም በሰው ሥጋ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ከእኔ ጋር የሚሠሩትን ወጣቶች፣ «ልጆቼ፣ አስቀድማችሁ ስሙ፤ ቀጥላችሁ በሸክም ለኩ፤ መፍታትና መለወጥ ከዚያ ይምጣ» እላቸዋለሁ። ጥገናው ከተፈጸመም በኋላ፣ መቀመጫው ሙሉ ሙቀቱን ይዞ መቆጣጠሪያው በራሱ ዝቅ እስኪያደርገው ድረስ ተቀምጠው፣ ከሌላው ይልቅ የሚግል ቦታ እንዳይኖር በእጃቸው ዳብሰው ሳያረጋግጡ መኪናው አይወጣም። በደረሰኙም ላይ ከዋጋው በላይ ሁለት ቍጥሮች ይጻፋሉ፦ ከጥገናው በፊት የተለካው፣ ከጥገናውም በኋላ የተለካው። ደንበኛው ሁለቱን አስተያይቶ የከፈለበትን ምክንያት ራሱ ያውቃል፤ ነገ ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድም፣ ዕቃ ከመለወጡ በፊት ይህንኑ ልኬት ሊጠይቅ ይችላል።