«ሕፃን» የሚለው የሕግ ቃል

በዕለት ንግግር ሕፃን የምንለው ጡት የሚጠባውን፣ ድክ ድክ የሚለውን፣ ቢበዛ ፊደል የሚቆጥረውን ነው። የ16 ዓመት ጎረምሳ ሕፃን ቢባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በሕግ ግን ሕፃን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 1 ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ሰው ሁሉ፣ አገሩ ከዚያ ቀደም ብሎ አካለ መጠን አድርሷል ካላለችው በቀር፣ በዚህ ስም ይጠራዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲደነግግ የዕድሜ ወሰን አላኖረም፤ ስለዚህ የቃሉ ስፋት የሚገኘው ከስምምነቱ ነው።

ቀደም ሲል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «አካለ መጠን ያላደረሰ» ብሎ ነበር። ይህ ሐረግ የጎደለውን ይነግረናል እንጂ የሚገባውን አይነግረንም። መዋዋል እንደማይችል እንረዳለን፤ መንግሥት ምን እንዳለበት ግን አንረዳም።

ችግሩ የሚበረታው ሕጎቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሕፃናት የሚላቸው 9 ዓመት ያልሞላቸውን ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን እስከ 15 ዓመት ድረስ ወጣቶች ይላቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 15 ዓመት የሞላውንና 18 ያልሞላውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎታል። እንግዲህ በፋብሪካ የተቀጠረች የ16 ዓመት ልጃገረድ በአንዱ ሕግ ሕፃን፣ በሌላው ወጣት፣ በሦስተኛው አካለ መጠን ያላደረሰች ናት። ተርጓሚው ወጣት ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲ ወጣትነትን እስከ 29 ዓመት ስለሚያደርስ፣ አንባቢው ከጎልማሶች ጋር ሊደምራት ይችላል። ያን ጊዜ መንግሥት ከብዝበዛ ሊጠብቃት ያለበት ግዴታ ከዓይን ይሰወራል።

«ልጅ» ቢባልስ? ቃሉ ለጆሮ ይቀርባል፤ ነገር ግን የ50 ዓመት ሰውም ለእናቱ ልጅ ነው፣ በቀድሞው ዘመን ለመኳንንት ልጆችም ማዕርግ ነበር። «የልጆች መብት» ሲባልም ውርስ ቀድሞ ትዝ ይለናል። የማን ልጅ ነህ ይባላል፤ የማን ሕፃን ነህ አይባልም። ሕፃን ዝምድናን ስለማይጠራ፣ ወላጅ የሌለውም በመንግሥት ላይ መብት እንዳለው ለመግለጽ ይበልጥ ያመቻል።

ስለሆነም በጽሑፍ «ሕፃን» ይጽና፣ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ ዕድሜው ይገለጽ እላለሁ። በችሎት ለሚያስተረጉም ግን ይህ አይበቃም። ምስክሩ «በቤቱ ሕፃን ነበረ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የ17 ዓመቷን እያወቀ፣ በቅን ልቡና «አልነበረም» ሊል ይችላል፤ «18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበረ ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።