የተጣበቀ ቻክ እንዴት ይላቀቃል?

ፊደል የቆጠርነው ለሥራችንም እንዲጠቅመን ነው። ስለዚህ የዛሬው ንባባችን ከብረታ ብረት ሥራ ቤት የመጣ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንዱ ዐረፍተ ነገር ሳይገባችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ዕቃዎቹን እንወቅ

ብረት የሚበሳው በመሰርሰሪያ መኪና ነው። በየሥራ ቤቱ ድሪል ይሉታል። ብረቱን የምትበሳው ጠምዛዛ ሹል ብረት ፑንታ ትባላለች። ፑንታዋን በሦስት ጥርሶቹ ነክሶ የሚይዛት ቻክ ነው። ቻኩን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ሾጣጣ ዘንግ ነው።

ሾጣጣ ማለት ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀጠነ የሚሄድ ማለት ነው። የዘንጉ ሁለቱም ጫፎች ሾጣጣ ናቸው። ረጅሙ ጫፍ ወደ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ይገባል። አጭሩ ጫፍ ወደ ታች፣ በቻኩ ጀርባ ውስጥ ይገባል።

የላይኛው ሾጣጣ ብዙውን ጊዜ ሞርስ ይባላል። ይህ ስም የመጣው ከአሜሪካዊው እስቲፈን ሞርስ ነው። እሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ለጠምዛዛዋ ፑንታ የፈጠራ መብት ያገኘ ሰው ነው። የታችኛው ሾጣጣ ብዙ ጊዜ ጄኮብስ ይባላል። አርተር ጄኮብስም አሜሪካዊ ነው። በቁልፍ ለሚጠብቀው ቻክ በ1902 የፈጠራ መብት አግኝቷል።

እኔ ያጠፋሁት ጥፋት

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍላችን አንድ ድሪል ነበረን። ቻኩ አርጅቶ ፑንታ መያዝ አቃተው። አዲስ ቻክ ተገዛ። አሮጌው ግን አልወልቅ አለ። እኔም መዶሻ አነሳሁና ጎኑን ደጋግሜ መታሁት። ቻኩ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ስመታው ከጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጣሪ ተፈናጠረች። አጠገቤ የቆመውን ጓደኛዬን ከዓይኑ ሥር ወጋችው። አንድ ጣት ያህል ከፍ ብትል ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር።

ዘንጉም ጎበጠ። በጎበጠ ዘንግ ላይ ፑንታ ስትዞር ትወላገዳለች፤ ቀዳዳውንም ታበላሸዋለች። ስለዚህ ድሪሉ ያለ ሥራ ቆመ። የጓደኛዬ ጠባሳ ዛሬም አለ። ስንገናኝ እሱ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም።

በኋላ አንድ አረጋዊ የቶርኖ ባለሙያ መጡ። ቻኩን አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ ሲገጠም በየት በኩል ተገፋ?» አሉኝ።

«ከታች ወደ ላይ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከላይ ወደ ታች ይገፋ። ጎኑ ምን በደለ?» አሉ።

የዛሬው ትምህርታችን ይኸው የእሳቸው ቃል ነው።

ለምን ይጣበቃል?

የገንቦ ውታፍን አስቡ። ወደ ውስጥ በተጫነ ቁጥር ይጠብቃል። ሾጣጣው ዘንግም እንዲሁ ነው። የሞርስ ሾጣጣ በ20 ሚሊ ሜትር ርዝመት የሚቀጥነው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቅጥነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለቱ ብረቶች በሙሉ ገጻቸው ይተቃቀፋሉ። ፑንታዋ ብረት ስትበሳ ደግሞ ቻኩ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በሠራ ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ብሎን የለውም፤ ማጣበቂያም የለውም። የሚይዘው በመተቃቀፍ ብቻ ነው። ታዲያ በዘንጉ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከተገፋ፣ ጥቂት ፈቀቅ እንዳለ ሁሉም ይለቃል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፤ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሶኬቱ ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ፑንታዋንም አውጡ።

ሁለተኛ፤ ዘንጉን ከመኪናው አውጡ። በብዙ ድሪሎች ተሽከርካሪ ዘንግ ጎን ላይ ሞላላ ቀዳዳ አለ። እጀታውን ወደ ታች ስባችሁ ቀዳዳው እስኪታይ አዙሩት። ከቻኩ በታች እንጨት አስቀምጡ፤ ሲወድቅ ጥርሶቹ እንዳይጎዱ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ሽብልቅ በቀዳዳው አስገቡና በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። እንጨት ፈላጭ ግንድ የሚሰነጥቅበትን ሽብልቅ ታውቁ የለም? ሥራው ያው ነው። ሽብልቁ ዘንጉን ወደ ታች ይገፋዋል።

ሦስተኛ፤ አሁን ቻኩና ዘንጉ በእጃችሁ ናቸው። በቻኩ ጀርባና በዘንጉ ወፍራም አንገት መካከል ክፍተት ካለ ሁለት ሽብልቆች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ሽብልቅ ሁለት ጣት እንዳላት መንሽ ነው። ጣቶቹ ዘንጉን በግራና በቀኝ አቅፈው ያልፋሉ። ጫፋቸው ቀጭን፣ ኋላቸው ወፍራም ነው። ከጠንካራ ብረት ቆርጦ በሞረድ ማበጀት ይቻላል።

አንዱን ሽብልቅ ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አስገቡ። ተዳፋት ገጾቻቸው ይነባበሩ። ለምን ሁለት ሆኑ? አንድ ብቻ ከሆነ ቻኩን ወደ ጎን ያዘነብለዋል። ሁለቱ ከተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኙ ግን ግፊቱ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሁለቱን ሽብልቆች በሞርሳ መካከል አድርጋችሁ ሞርሳውን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ድንገት «ጧ!» ብሎ ይለቃል። አትደንግጡ። ብቻ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ ከታች ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ።

አራተኛ፤ ሽብልቅ የሚገባበት ክፍተት ከሌለስ? የቻኩን ጥርሶች እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በአንዳንዱ ቻክ መሐል ላይ ቀዳዳ አለ። ከሌለው መበሳት ይቻላል። የብዙ ቻኮች መሐል እንደ ጥርሶቻቸው ጠንካራ ስላልሆነ ይበሳል። ልክ መሐሉን ይዛችሁ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ብሱ። ዘንጉ ጋ ስትደርሱ አቁሙ። ቀዳዳው ቻኩን ከሥራ አያወጣውም።

ከዚያ ዘንጉ ወደ ታች እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ ቻኩን አስደግፉት። ድጋፉ በቻኩ አካል ላይ ይሁን እንጂ በሚዞረው ቀለበት ላይ አይሁን። በቀዳዳው በኩል የለስላሳ ብረት ዘንግ አስገቡና በመዶሻ ምቱት። ሾጣጣው ዘንግ ወደ ታች ይወጣል።

ዝገት ካለበት ማታ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ መጋጠሚያው ላይ አንጠባጥቡ፤ እስከ ጠዋት ይደር። ቻኩን ግን በእሳት አታግሉት። በጣም ከጋለ የጥርሶቹ ጥንካሬ ይጠፋል።

ሲመለስስ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለም? ቻክም እንደዚያው ነው። የዘንጉንና የቻኩን ሾጣጣ ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በሾጣጣው ላይ ዘይትም ግራሶም አይቅር። አንዲት የብረት ብናኝ እንኳ በመካከል ብትቀር ቻኩ አይተቃቀፍም። ያን ጊዜ ሥራ ላይ እያለ ሊወድቅ ይችላል። የሚሽከረከር ቻክ ሲወድቅ ደግሞ እጅ ላይ ይሁን ፊት ላይ አይታወቅም።

ጥርሶቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ቻኩን በእጅ ወደ ላይ ገፍታችሁ ግጠሙ። ከዚያ ከታች በእንጨት መዶሻ አንድ ሁለቴ መታ አድርጉ። ይበቃል።

እኚያ አረጋዊ የእኔን ቻክ በሁለት ሽብልቆች ሲያላቅቁት መዶሻ አላነሡም። የጎበጠውን ዘንግ ግን እሳቸውም አላቀኑትም። ሌላ ዘንግ ተገዛ። የተጣበቀ ነገር ሲያጋጥማችሁ መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት እሳቸው የጠየቁኝን ጠይቁ፦ ሲገጠም በየት በኩል ተገፋ?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሾጣጣ ዘንግ ቻኩን የሚይዘው በምንድን ነው?
2. የቻኩን ጎን በመዶሻ መምታት ምን ጉዳት ያመጣል? ሁለቱን ጥቀሱ።
3. ሁለት ሽብልቆች ከሁለት አቅጣጫ የሚገቡት ለምንድን ነው?
4. እናንተ በጉልበት ሞክራችሁ ያበላሻችሁት ዕቃ አለ? ምን ሆኖ ነበር? በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

ደኅና ሁኑ። ሰላም ያገናኘን!