ጉልበት ሳይቋረጥ ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ

የጎጃም ጤፍ የጫነ መኪና ከደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ድምፁን ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መኪናው ያጓራል፣ ድንገት ድምፁ ይቀንሳል፣ ወዲያው እንደገና ያጓራል። ድምፁ የሚቀንሰው ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው አይደርስም። ጭነቱ ከባድ፣ ዳገቱም ቀጥ ያለ ከሆነ መኪናው ፍጥነቱን ያጣል። ሾፌሩ ማርሹን ሳያስገባ ከዘገየማ ወደ ኋላ መንሸራተት ይመጣል። ረዳቱ ታኮ ይዞ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ማርሽ መቀየር ለምን ያስፈልጋል? ካምቢዮ ማለት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች የታጨቁበት ሣጥን ነው። 10 ጥርስ ያለው ትንሽ ብረት 40 ጥርስ ያለውን ትልቅ ብረት ሲያዞር፣ ትንሹ 4 ጊዜ ዞሮ ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ለመነሻና ለዳገት የሚሆነው እንዲህ ያለው ማርሽ ነው። ሜዳ ላይ ግን ፍጥነት ይፈለጋልና ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛ እያለ ይቀይራል። ሞተሩ እየገፋ ሳለ ጥርስን ከጥርስ ማላቀቅ ስለሚያስቸግር በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ሰሃን መሳይ ክፍል ነው። ሲረገጥ ይለያያሉ፤ ሲለቀቅ ይያያዛሉ።

ይህን መቆራረጥ የሚያስቀረው ዘዴ፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ለሄደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ተሸካሚው ሲደክመው ቃሬዛው መሬት አይቀመጥም። ተተኪው አስቀድሞ ከጎኑ ይጠጋል፣ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ያስገባል፣ ያኔ የደከመው ይወጣል። ሕመምተኛው መለዋወጣቸውንም ላያውቅ ይችላል።

አዲሱ ካምቢዮም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ፍሪሲዮኑ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ዘንጉም ሁለት ነው፤ አንደኛው ዘንግ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሌላው በውስጡ ያልፋል። 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ማርሽ ከአንዱ ዘንግ፣ 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ ከሌላው ጋር ይሠራሉ። መኪናው በ2ኛ ማርሽ ሲሄድ 3ኛው አስቀድሞ ጥርስ ለጥርስ ገብቶ ይጠብቃል። የ2ኛው ፍሪሲዮን እየለቀቀ ሳለ የ3ኛው ይይዛል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሥራው አልቋል። ይህን ሁሉ የሚያዘው አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ለሾፌሩ የሚቀሩት የነዳጅና የፍሬን መርገጫ ብቻ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ግን ነቢይ አይደለም። መኪናው ይፈጥናል ብሎ 3ኛን አዘጋጅቶ ሳለ ሾፌሩ ድንገት ወደ 1ኛ መመለስ ቢያስፈልገው፣ 3ኛውን አውጥቶ 1ኛውን እስኪያስገባ ትንሽ ይዘገያል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አዶልፍ ኬግረስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ፣ ቀድሞ የሩሲያው ዛር መኪናዎች በበረዶ ላይ እንዲሄዱ ያደረገ ሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 አስቦት ነበር። በ1980ዎቹ የጀርመኑ ፖርሽ በእሽቅድምድም መኪና ላይ ሞከረው። በ2003 ቮልስዋገን በብዛት ለሚሸጥ የቤት መኪና አዋለው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ2014 የመጣው ነው፤ በዚያ ዓመት የስዊድኑ ቮልቮ ለከባድ ጭነት መኪና ሠራው። እንዲህ ያለ መኪና በዳገት ላይ ጉልበቱ እምብዛም አይቋረጥም። ከብት ቢጭን ከብቱ አይንገዳገድም፤ ወተት ቢጭን ወተቱ ወዲያና ወዲህ አይናጥም።

ጥቅሙ ከተነገረ ጉዳቱም ይነገር። ዋጋው ከተራው ካምቢዮ ይበልጣል። ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ የማይሠሩ ከሆነ፣ መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ቆም ሄድ ሲባል ይሞቃሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ጥገናውም መፍቻና መዶሻ ብቻ ለያዘ መካኒክ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ደግሞም ባትሪው የሞተበትን ተራ መኪና የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ገፍቶ ያስነሣዋል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ግን በአብዛኛው በገፊ ብዛት አይነሣም፤ ሞተሩ ካልሠራ ፍሪሲዮኖቹ አይያዙምና።