የቤት ድጎማው ሒሳብ፦ ምሥራቅ አዲስ አበባ ምን አገኘች፣ ምንስ ከፈለች?

ቦሌ አራብሳ፣ ሰሚትና የካ አባዶ ዛሬ የሚታወቁት በጋራ መኖሪያ ቤቶቻቸው ነው። ከሃያ ዓመታት ገደማ በፊት ግን የዚህ ምድር ሰፊው ክፍል እህል የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት የገበሬ ይዞታ ነበር። ለውጡን ያመጣው መንግሥት ለቤት ፈላጊዎች ያደረገው ድጋፍ ነው። ድጋፉ ከማን ኪስ ወጣ? ከተማዋ ቤት የት እንደምትሠራ ስትወስንስ እንዴት መራት? መልሱ ቤት ለሚጠብቀው ነዋሪም፣ መሬቱን ለሚለቀው አርሶ አደርም ይጠቅማል።

ድጋፉ እንዴት ይሠራል?

የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሰፊ መርሐ ግብር አደገ። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ተመዝግበዋል። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት መርሐ ግብሮች ስማቸውን ያገኙት ተመዝጋቢው አስቀድሞ ከሚቆጥበውና ከባንክ ከሚበደረው ድርሻ ነው። በ20/80 ለምሳሌ ነዋሪው ከዋጋው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ 80 በመቶውን በረጅም ጊዜ ብድር ይከፍላል።

ይሁን እንጂ ትልቁ ድጎማ በብድሩ ውስጥ ሳይሆን በመሬቱ ውስጥ ነው። የቤቱ ዋጋ የሚሰላው በግንባታ ወጪ ላይ ተመሥርቶ ነው። መሬቱ ያለ ሊዝ ዋጋ ይቀርባል፤ መንገድ፣ የውኃ መስመርና የፍሳሽ ማስወገጃም በአብዛኛው በመንግሥት ወጪ ይዘረጋሉ።

የከተማዋ ካዝና

በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ በሊዝ ይሰጣል። በጨረታ የሚሰጥ ቦታ ለከተማዋ ገቢ ያስገኛል፤ ለጋራ መኖሪያ ቤት የሚሰጠው ግን ይህን ገቢ ያስቀራል። አዲስ አበባ ደግሞ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙትን ዓይነት ጥቅል የበጀት ድጎማ ስለማታገኝ፣ በጀቷን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ ከምትሰበስበው ግብርና ከሌሎች ገቢዎች ነው።

ለግንባታው የሚያስፈልገው ገንዘብ የተገኘው የከተማ አስተዳደሩ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሸጠው ቦንድ ነው። ቤቶቹ ተጠናቀው ለዕድለኞች ሲተላለፉ ዕዳው ከከተማዋ ወደ ቤት ባለቤቶች ይዞራል። ግንባታው ሲዘገይ፣ ወይም ቤቱ አልቆ ውኃና መብራት ባለመግባቱ ርክክቡ ሲጓተት ግን ወለዱ በከተማዋ ላይ ይቆጠራል። መጓተት የነዋሪው ብሶት ብቻ ሳይሆን የበጀት ጉዳይም የሚሆነው ለዚህ ነው። በምድር ቤት የሚገኙትን ሱቆች በጨረታ መሸጥ ጉድለቱን በከፊል ለመሙላት የተቀየሰ መንገድ ነው።

ለምን ወደ ዳር?

አስተዳደሩ ሁለት ምርጫዎች አሉት። አንደኛው መሐል ከተማ ያሉ ያረጁ ሰፈሮችን አንስቶ መገንባት ሲሆን፣ ይህ ለብዙ አባወራ ምትክ ቤት ማዘጋጀትን ይጠይቃል፤ መሐሉ መሬት በጨረታ ቢወጣ የሚያስገኘውን ከፍተኛ የሊዝ ገቢም ያሳጣል። ሁለተኛው ወደ እርሻ መሬት መውጣት ነው። በካዝናው ዓይን ሲታይ ሁለተኛው ይረክሳል። ስለሆነም ትላልቆቹ የጋራ መኖሪያ መንደሮች በቦሌና በየካ ጠረፍ ተዘረጉ።

እርሻው የረከሰው በካሳ አሰላሉም ምክንያት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ካሳ የሚከፈለው ለመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለጠፋው ምርትና ለንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ገበሬው ለዘለቄታው ሲነሣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ለማስረዳት ያህል፣ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው 40 ሺህ ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ 50 ሺህ ብር የሆነ አርሶ አደር በቀድሞው ስሌት 400 ሺህ ብር፣ በአዲሱ 750 ሺህ ብር ያገኛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ያው መሬት ወደ ከተማ ክልል ገብቶ በካሬ ሜትር ሲጫረት ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አሁንም አነስተኛ ነው። ከዚህም በላይ ማሳ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ በእጅ የገባ ብር ግን ሌላ ሙያ ካልታከለበት ቶሎ ያልቃል።

በዳር የተቆጠበው ወጪ በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል። ሥራና ገበያ መሐል ከተማ ሲቀሩ ከቦሌ አራብሳ የሚነሣ ሠራተኛ አያት ላይ ከሚያበቃው የቀላል ባቡር መስመርም አልፎ ስለሚኖር ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። አስተዳደሩም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና አውቶቡስ ወደዚያው ማድረስ ይኖርበታል። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመውም የምሥራቁ ክፍል በዚህ መጠን በመስፋቱ ነው።

ከሌላው ዓለም ምን ይለያል?

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተዘረጋ ሥርዓት ማዕከላዊው መንግሥት አዲስ ቤት ለተሠራባቸው የአካባቢ ምክር ቤቶች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ዓላማው ቤት ሲበዛ የሚከተለውን የአገልግሎት ወጪ ለሚሸከመው አካል ማበረታቻ መስጠት ነበር። በእኛ አገር ድጋፉ የሚደርሰው ለቤት ፈላጊው ነው፤ ለአካባቢው አስተዳደር የሚደርሰው ተጨማሪ ነዋሪና ተጨማሪ ጥያቄ ነው።

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በየዓመቱ የሚሰበሰብ የንብረት ግብር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ማጽደቁ ለዚህ በር ከፍቷል። የሊዝ ገቢ የሚገኘው አዲስ መሬት ሲሰጥ ነው፤ የንብረት ግብር ግን የተሠራው ቤት እስካለ ድረስ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ብቻ የምትተዳደር ከተማ ገቢ ባስፈለጋት ቁጥር ወደ ማሳው ታያለች፤ ሁለተኛውን ያጠናከረች ከተማ ያላትን ሰፈር ለማሻሻል ምክንያት ታገኛለች። ግብሩ ግን ገና የባንክ ዕዳውን እየከፈለ ያለውን ዝቅተኛ ገቢ ያለው ባለ ኮንዶሚኒየም አቅም ያገናዘበ ሊሆን ይገባዋል።

ቤት ለሌለው ቤት መስጠት ተገቢ ነው። ሆኖም ቀጣዩ የግንባታ ቦታ ሲመረጥ የካሳው፣ የመንገዱ፣ የውኃውና የወለዱ ሒሳብ ተደምሮ ለምክር ቤትና ለሕዝብ ቢቀርብ፣ ርካሽ የመሰለው ማሳ በእርግጥ ርካሽ መሆን አለመሆኑ ገበሬው ከመነሣቱ በፊት ይታወቃል።