መቀነት ላይ የምትሰካው ጠርሙስ

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ስትነቃ ከብብቷ ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ አንዲት የተጨመቀች የላስቲክ ጠርሙስ ተንጠልጥላ ታገኛለች። ሆስፒታል ውስጥ ድሬይን ይሏታል፤ አስታማሚ ደግሞ «ጎማው» ይላታል። ቀይ ፈሳሽ ስለሚጠራቀምባት ቤተሰብ አይወዳትም። «ደሟን መጦ ጨረሰው፣ ይውጣላት እንጂ!» የሚል ዘመድ ከአልጋው ራስጌ አይጠፋም። ዘመድየው ያልተረዳው፣ ጠርሙሷ የምታወጣው ፈሳሽ ውስጥ ቢቀር የባሰ መሆኑን ነው።

ጡት ሲወጣ ቆዳው ከደረት ጡንቻ ተላቅቆ ይነሣና ተመልሶ ይሰፋል። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ገጥሟል። ከሥሩ ግን ቆዳና ጡንቻ ገና አልተያያዙም፤ መሀላቸው ባዶ ኪስ አለ። የብብት ንፍፊቶች አብረው ሲወጡ ደግሞ የተቆረጡት የሊምፍ ቦዮች ለቀናት ያፈሳሉ። ይህ ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ኪሱን ይሞላል፤ ሐኪሞች ሴሮማ የሚሉት እሱን ነው። ቆዳውን ከደረት ያርቃል፣ ስፌቱን ይወጥራል፣ ጀርም ከገባበት መግል ይሆናል። ጠርሙሷ ተጨምቃ ስትከደን ወደ ቅርጿ ለመመለስ ትታገላለች፤ በዚሁ ትግል ፈሳሹን ትስባለች፣ ቆዳውንም ጎትታ ከደረት ጋር ታጣብቃለች። የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ሥራዋ ነው።

ቱቦው ራሱ የቆየ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 የገዛ እኅቱን ጡት በካንሰር ምክንያት ቀዶ አውጥቷል፤ ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ እየጠበቀ ሳይመረቅዝ አድኖታል። በ1871 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ብብት መግል ቋጥሮ ተጠራ። የበጣው ቁስል በደንብ አልፈስ ሲለው ከመድኃኒት መርጫው ላይ የጎማ ቱቦ ቆርጦ ከተተበት፤ ቁስሉም ጠራ። መሳቡን፣ ማለትም በአየር ግፊት ተጠቅሞ የብብትን ባዶ ኪስ መዝጋትን፣ ለጡት ቀዶ ሕክምና ያመጣው መርፊ የተባለ ሐኪም በ1947 ነው። ፋብሪካ የሠራት ጠርሙስ በማይገኝበት ቦታ ዛሬም ትልቅ ሲሪንጅ ከቱቦው ጋር አያይዘው፣ መግፊያውን ስበው ተመልሶ እንዳይገባ በመርፌ የሚያግዱ ሐኪሞች አሉ። መርሁ አንድ ነው።

ወደ አገራችን፣ ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ የቁስሉ ችግር ሌላ መልክ አለው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ከከተማው ሰው ሌላ ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከዘጌና ከደቅ ደሴት ጭምር የሚመጣውን ይቀበላሉ። እንደ አገሪቱ ሁሉ እዚህም ብዙዎቹ የሚደርሱት እብጠቱ ገፍቶ ቆዳውን ከያዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ቆዳ አብሮ ይወጣል፤ የቀረው ተወጥሮ ይሰፋል። የተወጠረ ቆዳ ጠርዙ ላይ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ በቀናት ውስጥ ይጠቁርና ይሞታል። ትንሽ ከሆነ ድንበሩ እስኪለይ ተጠብቆ ይጸዳል፣ ሰፊ ከሆነ ከጭን ቆዳ ተነሥቶ ይተከልበታል። ስኳር ያለባት ወይም ደም ያነሳት ሴት ደግሞ ቁስሏ ይዘገያል።

ቤት የገባች ሴት ጠርሙሷን በመርፌ ቁልፍ መቀነቷ ላይ ትሰካታለች፤ ከቁስሉ በታች ሆና፣ ቱቦው ሳይጎተት። ሥራው ነርሷ አንድ ጊዜ በተግባር ካሳየች ማንም ይችለዋል። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ክዳኗ ይከፈታል፣ ፈሳሹ መስመር ወዳለው ኩባያ ይገለበጣል። ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዓይን ትክክል ይነበባል፤ ቀኑና መጠኑ ደብተር ላይ ይጻፋል። ከዚያ ጠርሙሷ በመዳፍ ተጨምቃ፣ እንደተጨመቀች ትከደናለች። አየር ገብቶባት ያበጠች ጠርሙስ ምንም አትስብም። ፈሳሹ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝም ወደ ብርዝ የመሰለ ቢጫ እየነጣ ይሄዳል። በድንገት ተመልሶ ደማቅ ቀይ ሆኖ ጠርሙሷን በሰዓታት ከሞላ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

ብዙ ሐኪሞች ጠርሙሷን የሚያወጧት በ24 ሰዓት የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ነው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቶሎ ከወጣች ፈሳሹ ይቋጥራል፤ ከልክ በላይ ከቆየች ቱቦው ራሱ የጀርም መንገድ ይሆናል። ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እኔ ብሆን ከመድኃኒት ማዘዣው እኩል አከብረዋለሁ። ከወጣች በኋላ ፈሳሽ ቢቋጥር ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል፤ ጥቂት ከሆነም ሰውነት ራሱ ይመጠዋል። ጣትንና ክርንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው፤ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሣት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ፈሳሹን ያበዛል። ጀሪካን ማንሣትና ምጣድ ላይ እጅ እየዘረጉ እንጀራ መጋገር ለሌላ ሰው ይተው።

አገራችን ቁስልን ከሽታና ከምች ትጠብቃለች፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ። ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው ሽታ ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከፋሻው ሥር የሚመጣው ነው። እሱ፣ ትኩሳት፣ መግልና እየሰፋ የሚሄድ ትኩስ መቅላት ቀጠሮ አይጠብቁም።

ጉማራ ወንዝ ዳር ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ደግሞ የቁስልና የቆዳ መድኃኒት ተብሎ ከሩቅ የሚሄድበት ነው። ቱቦ ያለበትን ወይም ያልገጠመ ቁስል እዚያም ሆነ ጣና ውስጥ መንከር ግን ጀርምን በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ውሃውን ለጠበል የሚፈልግ ሰው ቁስሉን ሳያስነካ ይጠጣው። ቁስሉ ከዳነም በኋላ፣ ንፍፊት በወጣበት በኩል ያለው ክንድ ሙቀት ውስጥ ብዙ ሲቆይ ሊያብጥ ስለሚችል ረጅም መዘፍዘፍ አይመከርም።

ቆዳ የሚገጥመው በምግብ ነው። የንስሐ አባቶች ሕመምተኛን ከጾም ስለሚፈቱ እንቁላሉና ወተቱ ይቅረብ፤ የጣና ሰው ቀረሶና አምባዛ ደጁ ነው። አልፈታም ላለች ባቄላው፣ ምስሩና ሽሮው በርከት ይበልላት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጠባሳው ማማር አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ የታዘዘላት ሴት ቁስሏ ካልዳነ መድኃኒቱ አይጀመርላትም፤ ከ3 ወር በላይ ሲዘገይ ደግሞ ውጤቱ እንደሚከፋ ጥናቶች ያሳያሉ። የጨረር ሕክምናም ቁስሉ እስኪድን ይጠብቃል፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ወረፋው በወራት የሚቆጠር ነበር። የኬሞ ቀጠሮዋ እየቀረበ ቁስሏ ገና የሚያፈስ ሴት ቀኑን ቤቷ ከምትጠብቅ ደብተሯን ይዛ ዛሬውኑ ቀዶ ሐኪሟን ብታገኝ ይሻላታል።